የኤልደን አሥራ አራት ቀን

ትሮይ ማቲስ የሚወዳት አንዲት አባባል አለችው፤ «እኔ ምላሴ ታስሯል» ይላል። ይህን ሲል ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይስቃል። የዶናት ካምፓኒ ሻጭ ነው፤ ዶናት ግን አይሸጥም። የሚሸጠው ዶናት ቤቱን ነው። ሰው ጥሪቱን ይዞ ይመጣል፣ ትሮይ የካምፓኒውን ስምና አሠራር ይሰጠዋል፣ ሰውየው በገዛ ገንዘቡ ቤት ከፍቶ፣ ከሽያጩ በየወሩ ለካምፓኒው እያካፈለ ይኖራል። ፍራንቻይዝ የሚሉት እሱን ነው።

ሚኒሶታ ስቴት ውስጥ በዚህ ነገር ሕጉ ቀልድ አያውቅም። ካምፓኒው ለገዢ በሚሰጠው ሰነድ ላይ ካልተጻፈ በቀር ሻጭ «ይህን ያህል ታተርፋለህ» ብሎ ለገዢ መናገር አይችልም። ሰነዱም እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነው። ገዢው ከተቀበለ በኋላ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላው አያስፈርሙትም፤ ረጋ ብሎ እንዲያነብ፣ እንዲያስብበት ነው። ከሰነዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት የገቡበት ሰዎች ስምና ስልክ ተዘርዝሯል። ገዢ የሆነ ሁሉ ያንን ይዞ ይደውላል። ልጁን የሚድር ሰው የአማቹን ጎረቤቶች እንደሚያጠያይቀው ማለት ነው።

ሎርና ኤክዳል ከዝርዝሩ ላይ አሥራ አንደኛ ነበረች።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ትሮይ ኦልስቴድ ከተማ ያለው ዶናት ቤቷ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል፤ ሌላ ሰው የለም።

«ሎርናዬ፣ አንድ ገበሬ ይደውልልሻል። ኤልደን ስትሮም ይባላል። ጨዋ ሰው ነው። ደግ ደጉን ንገሪው።»

«ደግ ደጉ አልቆብኝ ከሆነስ?»

«አንቺ ደግሞ!»

«ትሮይ፣ እኔ እኮ ከዚህ ቤት አንድ ቀን ደሞዝ ወስጄ አላውቅም። አምስት ዓመቴ ነው። የዌንደል ጡረታ ነው የሚያኖረን።»

ትሮይ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። «አልሰማሁም! ምላሴም ታስሯል፣ ጆሮዬም ታስሯል። እኔ ስለ ገቢ ትንፍሽ ብል ሕግ ይበላኛል። ያንቺን ምላስ ግን ማን አሰረው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ እድሳቱ ደግሞ አትጨነቂ። አለቆቼን አናግርልሻለሁ። ለሚተባበር ሰው እኛም ልብ አለን።»

እድሳቱ የሎርና ሕመም ነበር። ካምፓኒው እስከ ገና ድረስ ባንኮኒውንም ጣሪያውንም ማስታወቂያውንም ለውጪ፣ ካልለወጥሽ ውሉ ይፈርሳል ብሏታል። ከየት አምጥታ ትለውጠው? የሚኖሩበት ቤት አስቀድሞ በባንክ ተይዟል።

ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። እጇ በዱቄት ስለተለወሰ በክርኗ ተጭና አነሳችው።

«ወይዘሮ ሎርና ነዎት? ኤልደን ስትሮም እባላለሁ። ሥራ አስፈታሁዎት መሰለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል።»

ድምፁ የዘገየ ነው። ጥያቄዎቹን በደብተር ጽፎ ነው የያዘው፤ ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል። ዱቄቱ ከየት ነው የሚመጣው? ስንት ሠራተኛ አለዎት? በስንት ሰዓት ይነሣሉ? ሎርና ሁሉንም እንደሆነው መለሰችለት። ከላም ጋር የኖረ ሰው ማለዳ መነሣት አያስፈራውም፤ እንዲያውም ሳቀ።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የግል ጉዳይ ነው። ለራስዎ ደሞዝ ይወስዳሉ?»

ሎርና ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን የእድሳት ማስጠንቀቂያ አየችው። ቀዩ ቀለም ዓይኗን ወጋት።

«እወስዳለሁ እንጂ» አለች።

«ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው።»

እርሳሱ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማችው። እየጻፈው ነው።

«ከኋላዎ መዝሙር ይሰማኛል፤ ሬዲዮ ነው? የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት ማለት ነው።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ተመስገን። ሻጭ የሚለውን ማን ያምናል? ካንድ ክርስቲያን አፍ መስማት ፈልጌ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ሬዲዮውንም ዘጋችው።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ዌንደል ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ሹካውን አስቀመጠና በጣም የተገረመ መሰለ።

«ደሞዝ ትወስጃለሽ? አንቺ ሴትዮ፣ የት ነው የምትደብቂው? እኔ ጫማዬን በማስቲሽ እያጣበቅሁ!»

«ዌንደል፣ አታሹፍ።»

«እሺ፣ አላሾፍም።» ሹካውን መልሶ አነሳ። «ሰውየው ግን የጠየቀሽ ከልቡ ነው፣ ሎርና።»

እሷም ታውቃለች። ዶናት ሲቃጠል ከአዲስ ሊጥ ሌላ ይጠበሳል። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

ቅዳሜ ኤልደንና ሚስቱ ቤቱን ሊያዩ መጡ። ቅዳሜን የመረጠላቸው ትሮይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ሆኪ ጨዋታ ስላለ ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ይገባል፤ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። ማክሰኞ ቢመጡ ኖሮ ጋዜጣ የሚያነበውን ሽማግሌ ነበር የሚያገኙት።

ኤልደን ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሚስቱ አርሊስ ዳሌዋን በቅርቡ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በከዘራ ነው የምትሄደው። ኤልደን የሰዉን ብዛት አይቶ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። አርሊስ ግን ዓይኗ ከሰው ወደ ሎርና፣ ከሎርና ወደ ሰው ይመላለሳል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች አርሊስ።

«ቅዳሜ ጥሩ ነው» አለች ሎርና።

እውነቷን ነው። ግን አንዳንድ እውነት አለ፣ ውሸትን ደግፎ የሚያቆም።

ኤልደን ከኪሱ ፎቶ አወጣ። የልጅ ልጅ መስሏት ልታደንቅ ስትል፣ ላም ናት።

«ፐርል ትባላለች። ከአርባ ሁለቱ ላሞቼ እሷ ናት አለቃዋ። እኔን ሁለት ጊዜ ረግጣኛለች።»

«ሦስት ጊዜ» አለች አርሊስ። «ሦስተኛው ይገባህ ነበር።»

«የወተት ዋጋ ወደቀ፣ ወይዘሮ ሎርና። የሷም ዳሌ እንዲህ ሆነ። አባቴ ያወረሰኝን ከብት መሸጥ ለኔ ቀላል እንዳይመስልዎት። ግን እርስዎ የነገሩኝን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ መጣልኝ።»

አንድ ደርዘን ዶናት ያዘ። ሎርና በነጻ ልትሰጠው ብትል እሺ አላላትም። ከፍሎ ሄደ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ የኃጢአት ኑዛዜ ሲያነብ፣ «በሐሳባችን፣ በቃላችን በድለናል» ከሚለው «በቃላችን» ላይ ስትደርስ ሎርና ቀጥ አለች። ሰዉ አንብቦ አልፏት ሄደ። ዌንደል በጎን አያት። ስንት ዓመት ያንን ቃል ብላዋለች፤ አንድም ቀን የሰው ስም ኖሮት አያውቅም ነበር። አሁን ኤልደን ይባላል።

ሰኞ ከካምፓኒው ደብዳቤ ደረሳት። «ከአዳዲስ ገዢዎች ጋር ስላደረጉት መልካም ትብብር» የእድሳቱ ጊዜ በሁለት ዓመት ተራዝሞላታል ይላል። ስትለምነው የከረመችው ነገር ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም። ለይሁዳ የከፈሉትን እንኳ በደብዳቤ አልላኩለትም ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስፈራት።

ያን ቀን የራሷን ሰነድ ከሣጥን አወጣች። ከአምስት ዓመት በፊት ሳታነብ ነው የፈረመችው፤ ያኔም አንዱ ባለቤት በስልክ «ጥሩ ነው፣ ግቢበት» ብሏት ነበር። ያ ሰው አሁን የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በደማቁ፣ ሻጭም ሆነ ሌላ ሰው እዚህ ከተጻፈው የተለየ ነገር ከነገረዎት ለስቴቱ ቢሮ ያመልክቱ የሚል አለበት።

«ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ሄዳ ቆጠረች። ኤልደን የደወለው ማክሰኞ ነው። አሥራ አራት ቀን ሲጨመር የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ይሆናል። ገና ስምንት ቀን አለ። ጌታ ጊዜ ሰጥቶኛል አለች። ሰው ጊዜ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ያባክነዋል። ማክሰኞ ምድጃው ተበላሸ። ረቡዕ ልትደውል ስልኩን አነሳችና፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብላ መለሰችው። ሐሙስ ራሷን አመማት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃት እንጂ ራስ ምታት አልነበረም። ውሸቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ በቅቷት፣ ለእውነቱ አራት ቀን አነሳት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለሠራተኛዋ ትታ መኪናዋን አስነሳች። አራት ቀን ቀርቶታል፤ ደርሻለሁ እያለች ነው የሄደችው።

የስትሮም ግቢ ስትደርስ ሁለት ትልልቅ የከብት መኪናዎች ቆመዋል። አንዱ ሞልቷል፤ በመስኮቱ ክፍተት አፍንጫዎች ይታያሉ። በሁለተኛው መወጣጫ ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም አልወጣም ብላ አራት እግሯን ተክላለች። ኤልደን አንገቷን አቅፎ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ይላታል። ላሟ ቀስ ብላ ወጣች። እሱ መወጣጫው ላይ ቀረ።

ዞር ሲል ሎርናን አያት።

«ወይዘሮ ሎርና! ሊያጽናኑኝ መጡ? ጥሩ ቀን ነው የመረጡት።»

«አቶ ኤልደን፣ መኪናውን ያስቁሙልኝ። እባክዎ እንዳይሄድ።»

«ምነው?»

«ዋሽቼዎታለሁ።»

ኤልደን ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። «የቱን ነው?» አለ።

«ደሞዙን። አንድም ቀን ወስጄ አላውቅም። ቤቱ አያዋጣም። ሰው የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። ትሮይ የማክሰኞውን እንዳያዩ ነው ቅዳሜ ያመጣዎት። አይፈርሙ ልልዎት ነው የመጣሁት፤ ገና አራት ቀን አለዎት።»

«ትናንት ፈረምኩ እኮ።»

«አሥራ አራቱ ቀን መች ሞላ? የደወሉልኝ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ...»

«ለእርስዎ የደወልኩት ሰነዱን ከተቀበልኩ ከአምስት ቀን በኋላ ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻላት ነበር። «መጀመሪያ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ነው የደወልኩት። ገንዘቡንም ትናንት ከፍያለሁ።»

የመኪናው ሹፌር ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «አባባ፣ ልሂድ ወይስ ምን ይሁን? ዊስኮንሲን ድረስ ነኝ እኮ!»

ኤልደን ላሞቹን አያቸው። ተሸጠዋል፤ ዋጋቸውም የዶናቱ ካምፓኒ ዘንድ ገብቷል። «ሂድ» አለ። «አሁን የሰው ከብት ነው።»

መኪኖቹ ሲወጡ በረንዳው ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አርሊስ ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺ!» አለች። ቅዳሜ «እርስዎ» ትላት ነበር። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ አልነበር? ፊት ለፊትሽ ቆሜ?»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«እሱ ሞኝ ነው፣ ሰው ያምናል። እኔ ግን ዓይንሽን አይቼ አውቄው ነበር። አውቄ ዝም አልኩ፤ ደስ ብሎት ስላየሁት። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።» ገብታ በሩን ዘጋችው። ኤልደን ግን እዚያው ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

«በዚህ ነገር ላይ ሕግ አለ» አለች ሎርና። «ሄጄ እናገራለሁ።»

«ይናገሩ» አለ። ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዌንደል የስቴቱ ቢሮ ወዳለበት ወደ ሴንት ፖል ወሰዳት። መኪናው ውስጥ ሲመክራት ሄደ።

«ትሮይ ነው እንዲህ በይ ብሎ ጽፎ የሰጠኝ በያቸው። ለሱ ሲያንሰው ነው። ገበሬውም ገንዘቡ ቶሎ ይመለስለታል። ማንን ትጎጃለሽ?»

ሎርና መንገዱን እያየች ነገሩን አወጣች፣ አወረደች። ሲያስቡት ደግ ውሸት ነው። የመጀመሪያዋም ስትወጣ ክፉ አልመሰለቻትም ነበር።

የስቴቱ ሠራተኛ ሬናታ ፖላክ የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ቃሏን መቀበል ጀመረች።

«ሻጩ ደሞዝ እወስዳለሁ በይ ብሎዎታል?»

ሎርና አዎ ብትል ለኤልደን ይጠቅመው ይሆናል። አይደለም ብትል ጉዳዩ ሊበላሽበት ነው። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

«አላለኝም። ደግ ደጉን ንገሪው ነው ያለኝ። ‹ደሞዝ› የሚለው ቃል ከገዛ አፌ ነው የወጣው። ማንም አላጎረሰኝም።»

«ቤቱ እንደማያተርፍ ያውቅ ነበር?»

«ነግሬዋለሁ። ጆሮውን ደፈነ።»

«በምትኩ ቃል የገባልዎት ነገር ነበር?»

ሎርና ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሬናታ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ወይዘሮ ኤክዳል፣ ሕጉ የሚያየው ሻጩ የተናገረውን ብቻ አይደለም። ራሱ ሊናገር የማይችለውን በእርስዎ አፍ አስነግሯል፤ ለዚያም ውለታ ከፍሏል። ጽፈው ልከውልዎታል እኮ!» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ግን ይወቁት፤ ይህን ከሰጡኝ የተራዘመልዎት ጊዜ ይቀራል። ዶናት ቤቱንም ሊወስዱብዎት ይችላሉ።»

«ይውሰዱት» አለች ሎርና። «የእኔስ ጥፋት? እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«የእርስዎ ቃልም አብሮ ይጻፋል። የሚመጣውን አብረን እናያለን።»

«ይጻፍ።»

ተጻፈ፤ ፈረመችበት። ዌንደል ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቃት ፊቷን አየና ካፖርቷን አለበሳት።

ነገሩ እስከ የካቲት ቆየ። ቢሮው የኤልደንን ውል አስፈረሰ፤ ካምፓኒው የከፈለውን ሁሉ መለሰለት፤ ትሮይም ሚኒሶታ ውስጥ ፍራንቻይዝ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ሎርና ቅጣት አልደረሰባትም፤ ዶናት ቤቷን ግን ካምፓኒው በእድሳት ሰበብ ወሰደባት። አሁን ሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደሞዝ ስትወስድ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ መሆኑ ነው፤ ዌንደል ይህን ሳይቀልድበት አልቀረም። እሷም ሳቀችለት። ውስጧ ግን አልሳቀም። ለስትሮሞች ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች፤ መልስ አልመጣም።

በመጋቢት አርሊስ ደወለች።

«ኤልደን ካንቺ ጋር ወሬ የለውም። እኔ ግን አንድ ቀን መጥተሽ እንድታዪ እፈልጋለሁ። በአሥር ሰዓት ነይ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ነይ አልኩሽ።»

ሄደች። ግቢው በረዶ ነው። አርሊስ ወጥ ቤት አስገባቻትና ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ስለ ዳሌዋና ስለ ብርዱ ትንሽ አወራች። ገንዘቡ በደኅና እንደደረሰ፣ ኤልደን ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደሚነዳ ነገረቻት። ከብት ግን ተመልሶ አልተገዛም። አርባ ሁለቱ በሦስት እርሻ ተበትነዋል፤ በስልሳ ሦስት ዓመት ደግሞ ሰው መንጋ ከባዶ አይጀምርም።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ኤልደን ከጓዳ ወጣ። ሎርናን ሲያያት ባለበት ቆመ፤ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገላት። ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደ፣ የጎማ ቦት ጫማውን አጠለቀ፣ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ጀርባው በበረዶው ላይ ወደ በረት ሲሄድ ታየ። የበረቱ መብራት በራ።

«ምን ሊሠራ ነው?» አለች ሎርና ቀስ ብላ። «ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ባዶ ነው። የማለቢያ ሰዓት ስለሆነ ነው። በየቀኑ ይወጣል። ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም።»

ሎርና አፏን ከፈተች። «አርሊስ፣ ይቅር...»

«ተይው። ሦስቱንም ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ከዚያ በላይ አትጻፊ፣ ከዚያ በላይም አትበዪ።» አርሊስ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ጆንያ ድንች በሳህን አምጥታ ሎርና ፊት አኖረች፤ ቢላም ጨመረችላት። «እኔ ብዙ መቆም አልችልም። ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ላጪልኝ። ሲመለስ ይርበዋል።»

ሎርና ቢላውን አነሳች። እንባዋ ድንቹ ላይ እንዳይወርድ አንዴ በእጅጌዋ ጠረገችና መላጥ ጀመረች። በልቧ ጌታን ልትለምን አሰበች፤ ግን ይቅር በለኝ ለማለት አልደፈረችም። ያንን ሰውዬ ብርድ እንዳይመታው ብቻ ለመነች። አርሊስ በሌላው ቢላ ከጎኗ ሆና ትቆርጣለች። የበረቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሎርና ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።